የላቦራቶሪ ስሕተትን የማሳወቅ ልማድ በታሪክ ዓይን፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋዎች የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ዘወትር የሚነገረው ለሕመምተኛ ነው። ይሁን እንጂ ለጤና ተቋማት፣ በተለይም ለሆስፒታል ላቦራቶሪዎች፣ አባባሉ ያላነሰ ይስማማል። ላቦራቶሪ የሰውን በሽታ ይገልጥ ዘንድ የተቋቋመ ክፍል ነው። የራሱን ሕመም፣ ማለትም በናሙና አወሳሰድ፣ በምርመራና በውጤት አሰጣጥ ላይ የሚደርሰውን ስሕተት፣ ገልጦ የመናገር ልማድ ግን በዓለም ዙሪያ ዘግይቶ የመጣ ነው። በአገራችንም ገና በማደግ ላይ ይገኛል።

በቅርብ ዓመታት ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ከተባሉት ዘዴዎች አንዱ አውቶማቲክ አስታዋሽ ነው። ይህም ኮምፒውተር ወይም የእጅ ስልክ በተወሰነ ጊዜ፣ ወይም አንድ የተወሰነ ሁኔታ ሲከሠት፣ ለባለሙያው «ይህን አይተሃልን? መዝግበሃልን?» የሚል መልእክት እንዲያቀርብ ማድረግ ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አስታዋሽ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል ለመረዳት ታሪኩን መመልከት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። ታሪኩን የምንመለከተው ከሩቅ አገር ብቻ ሳይሆን፣ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ከደረሰውና ብዙ ሕይወት ከቀጠፈው የካላዛር ወረርሽኝ አንጻር ጭምር ነው።

ላቦራቶሪ ራሱን መጠራጠር የጀመረበት ጊዜ

በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሐኪሞች ከላቦራቶሪ የሚመጣን ቁጥር እንደ ተረጋገጠ እውነት ይቀበሉ ነበር። ይህን እምነት ያናጋው እ.ኤ.አ. በ1947 ቤልክና ሰንደርማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ነው። ሁለቱ ሐኪሞች በፔንስልቬንያ ግዛት ለሚገኙ የሆስፒታል ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና አከፋፍለው ውጤቱን አነጻጸሩ። ከአንዱ ናሙና የተገኙት መልሶች እጅግ የተራራቁ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በፊት ማንም ላቦራቶሪ ስሕተት እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ ሊቪና ጄኒንግስ ከፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር የተወሰደውን ሠንጠረዥ ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ አስገቡ። ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች ከኬሚስትሪ ማሽን አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የምናየው የመቆጣጠሪያ ገበታ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። የገበታው ጥበብ ባለሙያው በየማለዳው አንድ ነጥብ እንዲያስቀምጥ ማስገደዱ ነው። ነጥቡ ከመስመሩ ሲወጣ የሚጠየቀው ሰው ብቻ አይደለም። ማሽኑም፣ ኬሚካሉም፣ ውኃውም፣ የክፍሉ ሙቀትም ይጠየቃሉ። ስለዚህ ይህ ገበታ የመጀመሪያው የላቦራቶሪ አስታዋሽ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወዲያው ግን አዲስ ችግር ተከተለ። መስመሩ በጠበበ መጠን፣ ምንም ስሕተት ሳይኖር ነጥቡ ከመስመር የሚወጣበት ጊዜ በዛ። ሁለት የስታንዳርድ ልዩነት እንደ ወሰን ቢያዝ፣ ከሃያ ጤናማ ነጥቦች አንዱ ያህል ከወሰኑ ውጭ ይወድቃል። ባለሙያውም በከንቱ መደናገጥ ሲደጋገምበት ገበታውን መናቅ ይጀምራል። ዌስትጋርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ባለ ብዙ ሕግ ሥርዓት የተነሣው ይህን ለማረም ነው፤ አንዱ ሕግ «ተጠንቀቅ» ይላል፣ ሌሎቹ «አቁም» ይላሉ። በከንቱ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ቀስ በቀስ የማይሰማ ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን ላቦራቶሪ ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ተምሮት ነበር። ወደ ኋላ እንደምንመለከተው፣ ይህ ትምህርት በየዘመኑ እንደገና መማር ያስፈለገው ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሌሎች ሁለት ጠቃሚ ልማዶች ተፈጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሎንድበርግ የተባለው ፓቶሎጂስት ሕይወትን የሚያሰጋ ውጤት ሲገኝ ላቦራቶሪው ወረቀት እስኪወሰድ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ለሐኪሙ እንዲያስታውቅ የሚያዝዘውን ሥርዓት አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኖሳንቹክና ጎትማን የአንድን ሕመምተኛ የዛሬ ውጤት ከቀድሞ ውጤቱ ጋር በማነጻጸር፣ ልዩነቱ ከተለመደው ካለፈ ናሙናው ተለዋውጦ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ዘዴ አቀረቡ። የዚህ ሁለተኛው ዘዴ ፍሬ ነገር ለታሪካችን ወሳኝ ነው። ውጤት ለብቻው ሲታይ ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ስሕተቱ የሚታየው ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ነው።

ስሕተት የሚገኘው የት ነው?

ብዙ ሰው የላቦራቶሪ ስሕተት ሲባል በማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ፣ የደከመ ዓይን ያለው ቴክኒሺያን ይታየዋል። እውነታው ከዚህ የተለየ ነው። ፕሌባኒና ካራሮ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢጣልያ በአንድ የድንገተኛ ላቦራቶሪ ያካሄዱት ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከ40,490 ምርመራዎች መካከል 189 ስሕተቶች ተገኙ። ከእነዚህም 68.2 በመቶው የደረሰው ናሙናው ከመመርመሩ በፊት ነው፤ በጥያቄ ወረቀት፣ በሕመምተኛ ስም፣ በናሙና አወሳሰድና አመላለስ ላይ ማለት ነው። 18.5 በመቶው ከምርመራው በኋላ፣ ውጤቱ ሲጻፍና ሲተላለፍ የደረሰ ነው። በራሱ በምርመራው ላይ የደረሰው 13.3 በመቶው ብቻ ነበር።

ይህ ቁጥር ለጤና ባለሙያ ሁሉ መልእክት አለው። የላቦራቶሪ ስሕተት በአመዛኙ የላቦራቶሪ ክፍሉ ብቻ ስሕተት አይደለም። ናሙናውን የወሰደችው ነርስ፣ ወረቀቱን የሞላው ሐኪም፣ ካርዱን ያወጣው የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ሁሉም በሰንሰለቱ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህም ስሕተትን መዝግቦ ማሳወቅ የአንድ ክፍል ሥራ ተደርጎ እስከታየ ድረስ፣ አብዛኛው ስሕተት ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

በአገራችን የነበረው መሠረት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የላቦራቶሪ አገልግሎት ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይሠራ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር ነው። ይህ ተቋም በየዘመኑ ስሙና አደረጃጀቱ እየተለወጠ በመጨረሻ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዚያም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተከፈተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ በአካባቢው የጤና ባለሙያ እጥረት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቶ ነበር።

ወባ የደጋውንም ሕዝብ አልማረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። በየአገሩ በተካሄዱት የወባ ማጥፋት ዘመቻዎች አንድ የተለመደ ሥርዓት ነበር፤ ፖዘቲቭ የተባለ ስላይድ ሁሉ፣ ከኔጌቲቩም ጥቂቱ ክፍል፣ ወደ በላይ ላቦራቶሪ ተልኮ በሌላ ዓይን ይታያል። በኋላም የሳንባ ነቀርሳ መርሐ ግብር ይህንኑ አሠራር በዓይነ ስውር ድጋሚ ንባብ መልክ ወስዶታል። ድጋሚ አንባቢው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ያነባል፤ ልዩነት ሲገኝም ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ይመከርበታል።

እንግዲህ ስሕተትን የመፈለግ ልማድ በአገራችን ከቶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የነበረው ልማድ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ነበር፤ «ይህ ስላይድ በትክክል ተነብቧልን?» የሚል። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር የተፈጠረው ችግር ግን ይህ ጥያቄ ሊደርስበት የማይችል ነበር።

ሊቦ ከምከም፣ 1997 ዓ.ም.

የደቡብ ጎንደር ዞን ከጉና ተራራ ግርጌ ከሚገኘውና ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ከሚለው የደብረ ታቦር ከተማ ተነሥቶ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር ድረስ ይዘልቃል። ደብረ ታቦር የዞኑ ዋና ከተማ እንደ መሆኑ፣ ከየወረዳው የሚላክ ሕመምተኛ የሚደርሰው ወደ ሆስፒታሉ ነው። ከዞኑ ወረዳዎች መካከል ሊቦ ከምከም፣ ከተማውም አዲስ ዘመን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከእርሱ ቀጥሎ ፎገራ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2003 አገሪቱን ከባድ የወባ ወረርሽኝ መትቷት ነበር። በዚያን ጊዜ ዋናው መድኃኒት የነበረው ፋንሲዳር ኃይሉ እየደከመ መምጣቱ ተረጋግጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም እንዲተካ ተወሰነ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ባለሙያ በአእምሮው የነበረው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ትኩሳት ካለ ወባ ነው፣ በመድኃኒት ካልዳነ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው።

በሊቦ ከምከም ሰዎች ለረጅም ጊዜ በማይለቅ ትኩሳት መያዝ ጀመሩ። ይከሳሉ፣ ጣፊያቸው ያብጣል፣ ደማቸው ያንሳል፣ የወባ መድኃኒት ተሰጥቷቸው አይሻላቸውም። ሁኔታው በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ነው። በኋላ ምርመራ ሲደረግ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ካላዛር በአገራችን አዲስ በሽታ አልነበረም። በመተማና በሑመራ ቆላዎች ለአሥርት ዓመታት የታወቀ ነው። በሊቦ ከምከም ደጋ ግን ከዚያ በፊት እንደ ነዋሪ በሽታ የሚታወቅ አልነበረም። ካልታከመ ደግሞ ሕመምተኛውን ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገድል ነው።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፍቶ ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. ድረስ የታከሙት ሕሙማን መዝገብ በኋላ ተተንትኖ ታትሟል። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ 77.6 በመቶው ወንዶች ናቸው። በማዕከሉ ከታከሙት መካከል የሞቱት 3.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ለሞት የተጋለጡ ነበሩ። ኤች.አይ.ቪ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምችና ከባድ የምግብ እጥረት የነበረባቸውም እንዲሁ። ወረርሽኙ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በ2005 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ወራት ነው። ትንተናው እንደሚያሳየው በሽታው የተስፋፋው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በበርካታ ዓመታት ውስጥ ነው። ይህም ማለት በሽታው ስም ከማግኘቱ በፊት ብዙ ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋማት መጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመልሷል ማለት ነው። ሕክምና ሳያገኙ በየቤታቸው የሞቱት ደግሞ በዚህ 3.6 በመቶ ውስጥ አይቆጠሩም።

በሽታው እንዴት ደጋ ሊወጣ ቻለ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ፤ ጥገኛ ተሕዋሲው ከእነዚህ ተመላሾች ጋር እንደ መጣ ይታመናል። በአካባቢው የተካሄደ ጥናት ደግሞ ቀን ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛትና ውሻ ማርባት ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ተመላሹ ሠራተኛ፣ ግራሩና በሽታ አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በአንድ ስፍራ ተገናኙ።

እውነት ተጽፎ ስሕተት ሲወጣ

የዚህን ታሪክ ትርጉም ለመረዳት በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሚሆነውን በአእምሯችን እንከተል። ሐኪሙ ወይም ነርሱ «የደም ፊልም» ብሎ ይጽፋል። ቴክኒሺያኑ ስላይዱን በጊምሳ ቀልሞ ያነባል። የወባ ተሕዋሲ ካላገኘ «ኔጌቲቭ» ብሎ ይጽፋል። ይህ መልስ ትክክል ነው። የካላዛር ተሕዋሲ በተራ የደም ፊልም ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ስላይድ ለሁለተኛ ንባብ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢላክ እንኳ ድጋሚ አንባቢው «ስምምነት አለ» ብሎ ይመልሰዋል። የጥራት ቁጥጥሩ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ግን ይሞታል።

ስሕተቱ ያለው በአንዱ ስላይድ ሳይሆን በስላይዶቹ መካከል ነው። አንድ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ «ኔጌቲቭ» ከተባለ፣ ሦስቱ እውነቶች አንድ ላይ ሆነው አንድ ጥያቄ ይወልዳሉ፤ «ታዲያ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» የሚል። በመዝገብ ላይ ግን የመጀመሪያው ውጤት በገጽ 12፣ ሁለተኛው በገጽ 31፣ ሦስተኛው በሌላ ተረኛ እጅ በገጽ 50 ይገኛል። ሦስቱን ያገናኘ ሰው የለም፤ እንዲያገናኝ የታዘዘም የለም። ቴክኒሺያኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ሐኪሙም በእጁ ያለውን ሕክምና ሰጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ግን ባለቤት የለውም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ነገሩ ካለቀ በኋላ «ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ለወባ ኔጌቲቭ ከሆነ ካላዛርን ጠርጥር» የሚለው ሕግ ግልጽ ነው። ዛሬ በወረርሽኙ አካባቢ ያለ ጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ የአር ኬ 39 ፈጣን ምርመራም አለ። ከ1997 ዓ.ም. በፊት ግን በአዲስ ዘመን ወይም በደብረ ታቦር ስለ ካላዛር አስታዋሽ ይጽፍ የነበረ ማንም የለም፤ ምክንያቱም በዚያ ደጋ በሽታው የሚጠበቅ አልነበረም። ስለዚህ የሚበጀው አስታዋሽ የበሽታ ስም የሚጠራ ሳይሆን ግራ የሚያጋባውን ሁኔታ የሚያመለክት ነው። «ይህ ሕመምተኛ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቷል፤ ምክንያቱ አልታወቀም» የሚል አስታዋሽ ለካላዛር ብቻ ሳይሆን ገና ስሙ ላልታወቀውም በሽታ ይሠራል።

አስታዋሹ ማሽን

ኮምፒውተርን በዚህ መልክ የመጠቀም ሐሳብ የመነጨው በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት በሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩት ነው። ዶክተር ክሌመንት ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ዘጠኝ ሐኪሞች በኮምፒውተር የታተመ ማስታወሻ ሲሰጣቸውና ሳይሰጣቸው የሚያደርጉትን አነጻጸሩ። ማስታወሻ ሲኖር እርምጃ ከሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች ለ51 በመቶው ምላሽ ሰጡ፤ ሳይኖር ግን ለ22 በመቶው ብቻ። የማክዶናልድ ድምዳሜ ሐኪሞቹ አላዋቂዎች ናቸው የሚል አልነበረም። የሚያውቁትን ነገር በሥራ ብዛት ያልፉታል፤ የሰው ልጅ አእምሮ ይህን ሁሉ ዝርዝር ያለ ስሕተት ሊከታተል አይችልም የሚል ነበር። ሥልጠና ብቻውን ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር በሥልጠና አይጨመርምና።

ይኸው ተቋም ከኬንያው ሞይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥራውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ኤም.አር.ኤስ የተባለው ነጻ የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም ከዚህ ትብብር የወጣ ነው። በኤልዶሬት በሚገኙ የኤች.አይ.ቪ ክሊኒኮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ የሲዲ4 ምርመራ ጊዜ ያለፈባቸውን ሕሙማን የሚጠቁም ማስታወሻ በወጣበት ክሊኒክ የምርመራው ትእዛዝ 53 በመቶ፣ ባልወጣበት 38 በመቶ እንደ ነበር ያሳያል። በአገራችንም በጎንደር ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ለእናቶች በእጅ ስልክ የሚላክ አጭር የጽሑፍ ማስታወሻ የሕፃናትን ክትባት የማጠናቀቅ መጠን ከፍ እንዳደረገ አረጋግጧል።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ አስታዋሽ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ማስታወሻው እያለም ከሐኪሞቹ ምላሽ ያላገኘው ሁኔታ ግማሽ ያህል ነው። አስታዋሽ የሚከፍተው በር ነው፤ በበሩ የሚገባው ግን ሰው ነው።

ፍርሃትና ዝምታ

ስሕተትን ማሳወቅ ክትባትን ከማስታወስ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። እናት ልጇን ማስከተብ የምትረሳው በሥራ ብዛት ይሆናል። ባለሙያ ስሕተቱን የማይጽፈው ግን ብዙ ጊዜ ረስቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ደመወዙ ይቀጣል፣ ስሙ በስብሰባ ይነሣል፣ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ይከሱታል። በአንድ ከተማ ተወልዶ፣ በዚያው ተምሮ፣ በዚያው ለሚሠራ ሰው ስም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ፍርሃት ቀድሞ የተረዳው የአቪዬሽን ሙያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት እንዲመራ የተሰጠው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ቅጣት የመጣል ሥልጣን ለሌለው ለናሳ ነው። ሪፖርት አድራጊው ስሙ ይጠበቅለታል። ሕክምናው ይህን ትምህርት የተቀበለው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች በሕክምና ስሕተት እንደሚሞቱ ገምቶ፣ መፍትሔው ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን አሠራርን ማስተካከል መሆኑን አስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2004 የሕሙማን ደኅንነት ኅብረትን መሠረተ።

የአውቶማቲክ አስታዋሽ ታላቅ ጥቅም የሚገኘው በዚህ ስፍራ ይመስላል። የክፍል ኃላፊ አንድን ባለሙያ ጠርቶ «በዚህ ሳምንት ስሕተት ሠርተሃልን?» ብሎ ቢጠይቀው ጥያቄው ክስ ነው። ተጠያቂውም «ማን ነገረብኝ?» ብሎ ያስባል። ማሽን ግን ሁሉንም፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ቃል ይጠይቃል። ኃላፊውንም ተረኛውንም አይለይም። ጥያቄው ወደ ማንም ያልተወረወረ ስለሆነ መልሱም ማንንም አያስከስስም።

ለዚህ አሠራር የአገራችን ጤና ባለሙያዎች እንግዶች አይደሉም። በፖሊዮ ቅኝት ሥራ የጤና ተቋማት ሕመምተኛ ባይገኝም «ዜሮ» ብለው ሪፖርት እንዲያደርጉ ተለማምደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በተዘረጋው የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ሥርዓትም በየሳምንቱ የሚላከው ቅጽ ዜሮን ይጠይቃል። የዚህ ሥርዓት ብልሃት ዝምታን ከዜሮ መለየቱ ነው። ዝም ያለ ጤና ጣቢያ በሽታ የለውም ወይም አላየም፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ዜሮ ብሎ የጻፈ ግን ፈልጎ አጥቷል፤ ለጻፈውም ኃላፊነት ወስዷል። ይህንኑ ለላቦራቶሪ ስሕተት መዋስ ይቻላል። በየሳምንቱ «ስንት ናሙና ተበላሽቶ ተመለሰ? ስንት ውጤት ከወጣ በኋላ ታረመ? ስንት አስጊ ውጤት ለሐኪሙ ሳይነገር ዘገየ?» ተብሎ ቢጠየቅና ለሦስት ወር በተከታታይ ዜሮ የሚጽፍ ክፍል ቢገኝ፣ የሚመሰገን ሳይሆን የሚጎበኝ ክፍል ነው።

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የአፍሪካ አገሮች በማፑቶ ላቦራቶሪዎችን ለማጠናከር መግለጫ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኪጋሊ ይፋ የሆነውና ላቦራቶሪዎችን ደረጃ በደረጃ ወደ እውቅና የሚያደርሰው የስሊምታ ሥልጠና ወደ አገራችንም ገብቷል። አይ.ኤስ.ኦ 15189 የተባለው የጥራት መስፈርት ከደንብ የወጣ ክንዋኔ ሁሉ እንዲመዘገብና ምክንያቱ እንዲመረመር ያስገድዳል። በዚህም የተነሣ በብዙ ሆስፒታሎች የስሕተት መዝገብ መደርደሪያ ላይ አለ። ጥያቄው መዝገቡ ይከፈታል ወይ የሚለው ነው።

አስታዋሽ ለማቋቋም የሚያስብ ሆስፒታል የአካባቢውን ሁኔታ መዘንጋት የለበትም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር በዘለቀ ጊዜ በንፋስ መውጫ የሕክምና ተቋማት ተዘርፈዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንግዲህ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ አስታዋሽ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ በተራ የእጅ ስልክ የማንቂያ ደወል የሚተካ፣ ከጀርባውም የወረቀት መዝገብ ያለው አሠራር ይበልጥ ይታመናል።

ከላይ ካየነው ታሪክ በመነሣት አራት ነጥቦችን ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛ፣ አስታዋሹ ጥቂት ይጠይቅ። በቀን አሥር ጊዜ የሚጮኽ ስልክ በሳምንቱ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ለላቦራቶሪ ክፍል ብቻ ሳይሆን ናሙና ለሚወስዱትና ውጤት ለሚቀበሉት ሁሉ ይድረስ፤ ትልቁ ስሕተት ያለው በእነርሱና በላቦራቶሪው መካከል ነውና። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ሕመምተኛ ሲኖር ላቦራቶሪው «ኔጌቲቭ» ብሎ ብቻ እንዳያበቃ፣ ወደ ሐኪሙ እንዲደውል የሚያስገድድ ሕግ ይኑር። አራተኛ፣ ለተጻፈው ሪፖርት መልስ ይሰጥ። ሪፖርት ጽፎ ምንም ለውጥ ያላየ ባለሙያ ሁለተኛ አይጽፍም። ወሩ ሲያልቅ «እናንተ ባመለከታችሁት መሠረት ይህ ተስተካከለ» የሚል አንድ ወረቀት በግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ ማስታወሻ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

የላቦራቶሪ ታሪክ የማሽኖች መራቀቅ ታሪክ ተደርጎ ይነገራል። ከቤልክና ሰንደርማን ጀምሮ ያለውን ሂደት ስንመለከት ግን ትልልቅ እርምጃዎች የተገኙት ከአዲስ ማሽን ሳይሆን ከአዲስ ጥያቄ ነው፤ «አንድ ናሙና ብንልክላችሁ አንድ መልስ ትሰጣላችሁን?» «የዛሬው ውጤት ከትናንቱ ጋር ይስማማልን?» «ይህን ለሐኪሙ ነግራችኋልን?» የሚሉ ጥያቄዎች። አውቶማቲክ አስታዋሽም ጥያቄን በሰዓቱ፣ ያለ ማዳላትና ያለ መታከት የሚያቀርብ አገልጋይ ነው እንጂ ከዚህ ያለፈ ተአምር የለውም።

በሊቦ ከምከም የጎደለው የሰዎቹ ትጋት አልነበረም። የጎደለው «ኔጌቲቭ» የተባሉትን ሰብስቦ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓት ነው። ያ ጥያቄ በዘገየ ቁጥር ከቆላ እርሻ ደክሞ የተመለሰው ወጣት በማይፈውሰው መድኃኒት እየታከመ ቆየ። ዛሬ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላው ሆስፒታል፣ አንድ ባለሙያ የስሕተት መዝገቡን ከፍቶ ሁለት መስመር ቢጽፍ የሚጠቅመው ለራሱ ክፍል ብቻ አይደለም። ስሙ ገና ያልታወቀ በሽታ ይዞት በሰልፍ ላይ ለቆመውም ሕመምተኛ ነው።